ባለ ሦስት ጣት መንሽ

ሐጀራ በጆንያ ጠቅልላ ያመጣችውን የጥጃ ቆዳ በቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። ወንዙ ዳር፣ ሸንበቆው ውስጥ ያገኘችው ቁራጭ ነው። ትከሻው ላይ አራት ጭረት ጎን ለጎን ወርዷል። ሌባ እንዲህ አይቧጭርም፣ ነብር ነው፣ ባሌን ፍቱልኝ ትላለች።

ባሏ ታጁ የወተት ማኅበሩ ጥጃ ጠባቂ ነው። ጥጃው በጠፋ ማግስት በኢኮኖሚ አሻጥር ተይዞ ከጓሮ ባለው ክፍል ታስሯል። እኔ፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ የምጽፈው ቃለ ጉባኤ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከእሱ ጋር ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይሄዳል። እዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቀደ ቆዳውን ሳይነኩ ያዩታል። አቃቂ ውስጥ ነብር የሚባል ነገር የለም ይላሉ። ለእኔ ምክንያቱን ነግረውኛል፤ ነብር አለ ከተባለ የፋብሪካው ሴቶች የሌሊት ፈረቃ አይገቡም፣ የአብዮት በዓልም ደርሷል። ግን የራሳቸው ውሻ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ ነው። ድሮ ሰው ሲያስፈራሩ «ነብር አየኝ በል» ይሉ ነበር፤ ውሻው ከጠፋ ወዲህ አፋቸው ላይ የለችም። እኔም ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ የነብር ዱካ አይቻለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው አያምኑኝም፤ ስጽፍ በትከሻዬ በኩል ያነባሉ።

ታጁ ሲያዝ አብሮ የመጣው መንሽ ጥግ ላይ ተደግፏል። ጓድ ፈቀደ ዓይናቸው እሱ ላይ ያርፍና ፈገግ ይላሉ። ታጁ ጥጃውን በዚህ እየወጋ ነድቶ ወንዝ ዳር አረደው፣ ጭረቱም የመንሹ ነው፣ ማስረጃውን ሚስቱ ራሷ አመጣችልን ይላሉ።

መንሹን አየዋለሁ። ጣቱ ሦስት ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቆዳው ላይ ያለው አራት ነው» እላለሁ።

«ሦስት ነው። ካልሆነ ከታጁ ጋር አብረህ ትሄዳለህ።»

ልጆች አሉኝ። «3 ጭረት» ብዬ እጽፋለሁ። አፍሬያለሁ።

የሐጀራ ቃል ነውና በአውራ ጣቷ እንድትፈርም ጓድ ፈቀደ ቀለሙን ይገፉላታል። ማንበብ አትችልም ብለው ነው። አምና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እዚሁ ቀበሌ፣ ፊደልና ቁጥር ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ ትከተላለች። ከዚያ ትቆማለች።

«ጋሼ» ትለኛለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ ሦስት ነው።»

አራት ጣቷን ቆዳው ላይ ትዘረጋለች። እያንዳንዱ የየራሱ ጭረት ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀና ብላ፣ ክፍል ውስጥ እርማት ስትጠብቅ እንደምታየኝ ታየኛለች።