የሙሽራው ሱፍና የማይጨበጠው ሳንቲም

«አንሺልኝ ይሄን ነገር! ጨርቅ ላይ ስልክ አይቀመጥም» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ የልጇን ስልክ በክርኗ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ እየገፋች። ከንፈሯ መሀል ስፒል ይዛ ነው የምትናገረው። ስፒል ቀርቶ ድንጋይ ቢሆንም ያቺን ሴት ከመናገር አያግዳትም።

ልጇ ስልኩን አንስታ እዚያው ትቆማለች። ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምራ መንገዱን ከሱቅ ሱቅ ስታካልል ውላ እሺ ያላት የለም። ዳቦ ቤቱ ሳቀባት፤ ፀጉር ቤቷ ነገ ነይ አለቻት። ፊት ለፊት ያለው ክር ሻጭ ደግሞ «የማይጨበጥ ሳንቲምሽን ለማይጨበጥ ሰው ሽጪ» ብሎ ሸኛት።

ይዛ የምትዞረው ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን ማኅበራዊ መረብ ነው። ሰው ፎቶና ቪዲዮ ይለጥፍበታል፤ ሌላው ሲወድለት ክሪፕቶ የሚባለው፣ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ሳንቲም ይገባለታል። ሳንቲሙን የሚቀበል ሱቅ ከሌለ ግን ማን ምን ያደርግበታል? ከዚህ መንገድ ዛሬ አንድ ሱቅ እንኳ ካልገባ ሥራው ይዘጋል። ጓደኞቿ ቁርጡን ነግረዋታል።

«እማ፣ አንቺ እንኳን ግቢልኝ።»

«የት ነው የምገባው? እዚያች ውስጥ ደግሞ ሰው ይገባል?»

«ያልተማከለ ነው እኮ። መሀል ላይ ባለቤት የለውም፤ ሁሉም የሚያየው መዝገብ፣ ብሎክቼይኑ፣ ራሱ...»

«ባለቤት የሌለው ነገር ልታሸክሚኝ ነዋ የመጣሽው! እሱስ ሞልቶኛል» ትልና በመቀሷ ግድግዳውን ታሳያታለች።

ግድግዳው ላይ ሰዎች አሰፍተው የተዉት ልብስ ነው የተሰቀለው። ስለ እሱ ከተነሳ ልብስ ሰፊዋን የሚመልሳት የለም። ልጅቷ ይሄን ታውቃለችና ስልኩን ቀስ ብላ ቀና አድርጋ መቅረጽ ትጀምራለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምንም። ባለቤቶቹን የምትያቸውን በያቸው፤ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ!» ስፒሉን ከአፏ ታወጣለች። ስፒሉ ከወጣ ነገር አለ። «አንቺ ባለ አረንጓዴ ጉርድ፣ ለነገ ይድረስልኝ ብለሽ እንቅልፍ የነሳሽኝ፣ ነገሽ መቼ ነው? አንተ የልጅህን ዩኒፎርም ያሰፋኸው፣ ልጅህ ይሄኔ ጢም አብቅሏል። የኔ ግድግዳ ቁም ሣጥናችሁ ነው?» መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለው ሱፍ ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይላል። «አንተ ሙሽራው ደግሞ... ስለካህ ቆመህ መለካት አቅቶህ ስትስቅ የነበርከው። ምን ነካህ ልጄ? ያን ትከሻ ስንቴ ተርትሬ እንደሰፋሁት። ሰው ቢቀር እንኳ ቀረሁ ይላል።»

ልጅቷ ቪዲዮውን በእናቷ ስም ትለጥፈዋለች። እናቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞራ መርገጫውን እንደ ጠላት ትረግጠዋለች።

ስልኩ ጠብ የሚል ድምፅ ያሰማል። ደግሞ ጠብ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል።

«ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?»

«እየወደዱልሽ ነው እማ። ሳንቲም እየገባልሽ ነው።»

«ስለሰደብኳቸው?»

«ስለሰደብሻቸው።»

«ይሄን ባውቅ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በነጻ እሳደብ ነበር?»

ልጅቷ መሳቅ ትጀምርና ታቆማለች። አንድ መልእክት አይታለች። ጮክ ብላ ታነበዋለች። «እማማ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሱፍ የኔ ነው። ያኔ ሰርጉ ፈረሰብኝና እርስዎን ማየት አፈርኩ። አሁን ላገባ ነው፤ ሌላ ሴት ናት፣ እንደኔው ሳቂታ። ችግሩ ወፍሬያለሁ። ይስተካከልልኝ ይሆን? ያለሁት ሩቅ ነው፤ ቀብዱን በዚሁ ሳንቲም ልኬልዎታለሁ።»

መርገጫው ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሱፉን ታወርደዋለች፤ አቧራውን ታራግፋለች።

«ይስተካከልልኝ ይሆን ይለኛል እኮ! የማንን ስፌት ነው የሚጠረጥረው?» ሱሪውን ትገለብጠዋለች። የማንንም ሙሽራ ልብስ ስትሰፋ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትተዋለች፤ ደስ ያለው ሰው ይወፍራል ባይ ናት። የሱፉ ውጪ በፀሐይ ነጥቷል። እጥፋቱን ስትተረትረው ግን ከውስጥ የመጣው ሰማያዊ ትናንት የተገዛ ይመስላል።

«በዚህ ሳንቲምሽ ክር ይገዛል?»

ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። «ክር ሻጩ እምቢ ብሏል።»

«ማ? እሱ?» በሩ ላይ ቆማ መንገዱን አሻግራ ትጣራለች። «አንተ! የክር ሳጥንህን ይዘህ ና!»

ክር ሻጩ ሳጥኑን ታቅፎ ይመጣል። «ደግሞ ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«እስካሁን ምንም። ይሄን የሚመስል ክር ፈልግልኝ። የምከፍልህ ግን በልጄ ሳንቲም ነው።»

ልጅቷን ያያል፣ ስልኩን ያያል። «እሺ ልቀበልዎት። እኔስ ምን ልገዛበት?»

«በሱ ሱሪህን አሳጥርልሃለኋ! ዘላለምህን እየረገጥከው ልትሄድ ነው?»

ክር ሻጩ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። የሱሪው ጫፍ ተረከዙ ሥር ተበልቷል። ልጅቷ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ትይዛለች።

እሱ ሳጥኑን ይከፍታል። አንዱን ክር ስቦ ጨርቁ ላይ ያጋድመዋል፤ ይደምቃል። ሌላውን ያጋድማል፤ ይፈዛል። ቀጥሎ ያወጣው እጥፋቱ ላይ እንዳረፈ ጨርቁ ውስጥ ይጠፋል፤ ሦስቱም አጎንብሰው ይፈልጉታል። ክር ሻጩ ጣቱን ከክሩ ላይ ሳያነሳ፣ በሌላ እጁ ኪሱን ይዳብሳል፤ ሳንቲሙን የሚቀበልበትን ስልክ እየፈለገ።