ሚጢጢን የተከልኩ ቀን

ወይኔ፣ የዛሬውን ልንገራችሁ! ጠዋት ከእማዬ ጋር ጫካ ሄደን የዱር ነጭ ሽንኩርት አምጥተን ጓሮ ተከልን። ጫካ ውስጥ ስንቆፍር እኔ ቸኩዬ አንዱን በቅጠሉ ሳብኩታ፤ ሥሩ ብጥስ ብጥስ ሲል ተሰማኝ።

«አንቺ ቀዥቃዣ! ዙሪያውን ቆፍረሽ ከነአፈሩ አውጪው እንጂ! ሥሩ ከተበጠሰ በቃ፣ አለቀለት» አለች እማዬ። እውነትም ከተከልናቸው በኋላ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ያ ብቻ ቅጠሉን ደፋ።

እማዬ ምሳ ልትሠራ እንደገባች ታናሽ እህቴ ሚጢጢ «እኔንም ትከይኝ» ብላ ነዘነዘችኝ። ምን ገዶኝ! በባዶ እግሯ የሽንኩርቱ መደብ ላይ አቁሜ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አፈር መለስኩባት፣ ውሃም አጠጣኋት። ሳቅ ገደለን!

ትንሽ ቆይቶ እማዬ ከውስጥ «ምሳ!» ብላ ተጣራች።

«ነይ ውጪ፣ አንቺ ሽንኩርት» አልኳት።

«እትዬ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። እንዳትስቢኝ። ዙሪያውን ቆፍሪልኝ።»

«አቤት ቅብጠት!»

እየሳቅኩ በብብቷ ይዤ ብድግ አደረግኳት። ከአፈሩ ውስጥ ብጥስ፣ ብጥስ፣ ብጥስ ሲል ተሰማኝ።

ሚጢጢ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ አንገቷን ትከሻዬ ላይ ደፋች።