የጋሽ ያደሳ ቀኝ እግር

ሁለተኛዋም ኳስ ቦይ ገባች።

«ወለሉ ነው!» አሉ ጋሽ ያደሳ፣ ከቦውሊንጉ መወርወሪያ መስመር ንቅንቅ ሳይሉ። «ዛሬ ዘይት አብዝተውበታል። እኔ ምን ላድርግ?»

ወለሉን ጠዋት አሰልጣኟ ናዝራዊት ራሷ ናት ያየችው፤ ወለሉ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ያለው ጋሽ ያደሳ ቀኝ እግር ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸውና፣ ኳሷን ይዘው ተንደርድረው መስመሩ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ይረግጣል። ፍሬን ይይዛሉ! ያኔ ትከሻቸው ይዞራል፤ ኳሷም ማዶ የቆሙትን አሥር የእንጨት ጠርሙሶች ትታ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ትገባለች። ሦስት ወር ሙሉ ነገረቻቸው። በቀስታ ነገረች፣ በምልክት ነገረች፣ በመጨረሻም በስልኳ ቀርጻ አሳየቻቸው። አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ስልክሽን ቀይሪው ልጄ፣ ሰው ያጣምማል።»

አለመስማታቸው ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። መምከርም ይወዳሉ። አሁን እንኳ ሁለት ኳስ ቦይ ከትተው፣ ጎናቸው ሳምሪ የምትባል ጀማሪ ስትወረውር ሲያዩ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ክንድሽን አታጥፊ። አትቸኩዪ ደግሞ። እኔን እዪኝ!»

ሳምሪ ወደ ናዝራዊት ዞር ብላ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ያደሳ፣ የቀረህ አንድ ኳስ ነው» አሉ የቡድኑ አምበል አቶ ባምላኩ፣ ከተቀመጡበት።

የጡረተኛ ሾፌሮች ቡድን እሑድ ከጋራዥ ሠራተኞች ጋር የዋንጫ ጨዋታ አለው። ሦስቱ ተመርጠዋል፤ አራተኛው ዛሬ ይለያል። ቃሉም ቃል ነው፦ ጋሽ ያደሳ ከሦስት ኳስ በአንዷ ስምንት ጠርሙስ ከጣሉ ይጫወታሉ፤ ካልጣሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ያቀብላሉ። ጋሽ ያደሳ ውሃ ሲያቀብሉ! ደግሞም «በእኔ ይሁንባችሁ፣ አስተካክላቸዋለሁ» ብላ የተሟገተችላቸው ናዝራዊት ራሷ ናት። ጃኬቷ ጀርባ ላይ «አሰልጣኝ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እሳቸው ግን አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

«ጋሼ፣ እግርዎን…»

«እግሬን ተዪው! ይሄ እግር አሰብ ደርሶ መጥቷል። ታርማ በርን በጉም ወርዷል። አንድ ቀን ገደል አልገባም። ይልቅ ኳሱን አቀብዪኝ።»

በመስኮቱ በኩል ከታች፣ ከአየር ጤና አደባባይ፣ የአንድ የጭነት መኪና ረዳት ድምፅ መጣ። ሾፌሩን ወደ ኋላ እያስገባ ነው፤ «ና! ና! ና!» ይላል። ናዝራዊት ኳሷን እንደያዘች ቆመች። አባቷም የተሳቢ ረዳት ነበሩ። ሰፈር ውስጥ ልጆቹ «የረዳቱ ልጅ» ሲሏት መሬት ብትውጣት ትወድ ነበር። አባቷ ግን ኮራ ብለው ይነግሯት ነበር፦ «ሾፌር የማንንም ምክር አይሰማም። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ዓይኑ እኔ ነኝ። ና ካልኩት ይመጣል። ገደል አፋፍ ላይ እንኳ፣ እኔ የመኪናውን ቦዲ በእጄ ካልመታሁ ፍሬን አይዝም።»

እንግዲህ ጉድ ነው። ሦስት ወር እንዴት አልመጣላትም?

ኳሷን ሰጥታቸው ከኋላቸው ሄዳ የኳሶቹ መደርደሪያ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ያደሳ ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ መንደርደርም ጀመሩ።

«ና!» ብላ ጮኸች።

አቶ ባምላኩ «በስመ አብ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው «ና» ይባላል?

«ና! ና! ሰፊ ነው፣ ና!»

የጋሽ ያደሳ ትከሻ ሲላላ ከኋላ አየችው። ያቺ ፍሬን የሚይዙባት ቦታ ደረሱ። ቀኝ እግራቸው ተነሣ፣ እንደ ማመንታት አለ፣ ከዚያም አርፎ እንደ ማንም እግር አለፈ። አንድ እርምጃ። ሁለት።

የብረቱን መደርደሪያ በመዳፏ ጓ አደረገችው።

ኳሷ ከእጃቸው ወጣች፤ ቀጥ ብላ፣ ግራ ቀኝ ሳትል፣ መሀል ለመሀል ሄደች። ጠርሙሶቹ ተንኮታኮቱ። አንዲቷ ብቻ ተወዛውዛ ተወዛውዛ ቆማ ቀረች።

«ዘጠኝ!» አለች ሳምሪ፣ እየዘለለች። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፤ አቶ ባምላኩም እየሳቁ የያደሳን ስም በተጫዋቾቹ ዝርዝር አራተኛ ላይ ጻፉ።

ጋሽ ያደሳ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው በርቷል። «አላልኳችሁም?» አሉ። «አሁን ዘይቱ ደረቀ!»

ናዝራዊት ሳቀች። ምን ታድርግ? ዘይቱ ይሁን! ሦስት ወር የደከመችለት እግር አልፎ ሲሄድ በዓይኗ አይታዋለች፤ ይህን ማንም አይወስድባትም።

ጋሽ ያደሳ ማንም ሳያዛቸው ሌላ ኳስ አነሡ። ቦታቸው ላይ ቆሙ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ግን አልተንደረደሩም። ጠበቁ።

«ረዳት!» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «የት ሄድሽ?»

የናዝራዊት ደረት ሞላ። ይህን ቃል አባቷ ቢሰሙት!

«አለሁ፣ ከኋላዎ ነኝ» አለች። መዳፏ ገና እየለበለባት ነበር። መልሳ ብረቱ ላይ አሳረፈችው።