የአልዶቪኖ ሞት

አባቴ የፈረሰኛውን አሻንጉሊት ከመስቀያው አውርዶ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው አግዳሚ መቆሚያ ይወጣል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ በክርኑ ይገፋኛል።

"አንተ መልአኩን ያዝ።"

"አባዬ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ እኮ ነው።"

"ለኔ ትነግረኛለህ? ጥሩሩን የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።"

መልአኩ መጨረሻ ላይ ወርዶ የሟቹን ነፍስ የሚወስድ ትንሽ አሻንጉሊት ነው። በአንድ እጅ ይያዛል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ዛሬ ፈረሰኛው አልዶቪኖ ይሞታል። ታሪኩን በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ቁራጭ ቁራጩን ስናሳይ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። ከተማችን አቺሬያሌ ውስጥ ሲኒማ ቤት ከተከፈተ ወዲህ አዳራሻችን እንዲህ ጢም ብሎ አያውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ ከፊት ተቀምጠው የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ለሞቱ ብለው ጥቁር ከረባት ያሰሩም አሉ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የአባቴ ቀኝ ትከሻ እሺ አይለውም። ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይንቀጫቀጫል። ያን ድምፅ ላለመስማት ከገበታ ቀድሜ መነሳት ለምጃለሁ።

አሻንጉሊት የጣለ ሰው እኛ ከተማ ይቅርታ የለውም። አንዱ በአያቴ ዘመን የንጉሥ አሻንጉሊት ከእጁ አምልጦት ወደቀ። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬም "ጣዮቹ" ናቸው። ከእነሱ ቤት ሚስት የጠየቀ ሁሉ ሠርጉ ላይ "ደግፋት እንጂ!" ይባላል። ይኼ ስም ወደኛ ቤት እንዳይገባ ነው የምፈራው።

በእኛ ሙያ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይናገርለታል። አጎቴ ፊላዴልፎ ከመድረኩ ጎን ቆሞ የአልዶቪኖን ድምፅ ያወጣል።

"ውሃ… ወዳጆቼ፣ ጥቂት ውሃ…"

አባቴ በእንጨት ጫማው ወለሉን አንዴ ይመታል። ፈረሰኛው ሰይፉን ተመርኩዞ ዘመም ይላል።

ከዚያ ፈረሰኛው የተንጠለጠለባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። የራስ ቁሩ ላባ ይርገፈገፋል፤ የጥሩሩ ቆርቆሮ እርስ በርሱ ይጋጫል። የማንኪያው ድምፅ ነው። የአባቴ የአንገት ሥር ተገታትሯል። አዳራሹ ጭጭ ይላል፤ ቆሎው እንኳ ቆሟል። አዩት፣ እላለሁ በልቤ። ሁሉም አዩት።

"አባዬ፣ ስጠኝ።"

"ዝም በል።"

"ይወድቃል!"

"ዝም በል አልኩህ።"

መልአኩን ምስማር ላይ እሰቅልና ሁለቱን ዘንጎች ከእጁ እነጥቃለሁ። አይታገለኝም። ቢታገለኝ ፈረሰኛው ይወድቅ ነበር።

አልዶቪኖ ቀጥ ይላል። ላባው ይረጋል። ሰይፉ ከወለሉ ይነሳል። ከፊት ወንበሮቹ አፍንጫ የመጥረግ ድምፅ ሲመጣ የምሰማው ገና አሁን ነው። ሲያለቅሱ ነበር።

"ውይ፣ ዳነ!"

መረብ ጠጋኙ ኢኛዚዮ ነው። ከፊት ሆኖ የሰማውን ሰው ሁሉ ያስቃል።

"ሐኪሙ ማነው ጃል? ለኔም ወገብ ላኩልኝ!"

"ለአማቴ ግን እንዳታሳዩት!" ይላል ሌላው፣ እና አዳራሹ ይፈነዳል።

አንዲት ሴት "ዝም በሉ፣ እናንተ ከብቶች!" ብላ ትጮኻለች። ድምፅዋ ገና በእንባ የታፈነ ነው።

ሐኪሙ። ነገ ጠዋት ዓሣ ገበያው በዚህ ስም ይጠራኛል።

አጎቴ ከጎን አንገቱን አስግጎ ያየኛል። የሚሞት ሰው ቃል አፉ ላይ እንደያዘ ቀርቷል። "ምን ሆነህ ነው የወሰድክበት?" ይለኛል በሹክሹክታ።

"ሊጥለው ነበር።"

"አልነበረም" ይላል አባቴ። ቁጣ የለበትም፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው የሚያመለክት ነው የሚመስለው። "እየገደልኩት ነበር።"

ዘንጎቹን ልመልስለት ወደ እሱ እዘረጋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። ያ ትከሻ አንዴ ከለቀቀ ዛሬ ተመልሶ እንደማያነሳ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ቀጥል። ሰው እየጠበቀ ነው።"

"እንዴት አድርጌ?"

እጆቹን ፊቴ ያነሳል። ዘንግ እንደያዙ ተጨብጠዋል፣ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ይንቀጠቀጣሉ። አጎቴ እንደገና "ውሃ…" ይላል። አባቴ ወለሉን ይመታል። ቀኝ እጁ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ግራው ቆየት ብሎ፣ የማይፈልግ ይመስል፣ ይከተለዋል። ትንፋሹ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። ይህን አሟሟት ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀበት አላውቅም፤ ጠይቄው አላውቅም።

ዓይኔን ከጣቶቹ ሳልነቅል እከተለዋለሁ። ጤነኛ እጄን እንዲንቀጠቀጥ እለምነዋለሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ብርሃኑ ውስጥ፣ ፈረሰኛው መሞት አቅቶት ቆሟል።