አቅጣጫ የሌለው ሹሹታ

በዱብቲ ጥጥ እርሻ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። አዋሽ ሞልቶ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ሬዲዮው ሹሹታ እንጂ የሰው ድምፅ አላመጣ አለ። አንቴና ሲዞር ማንኛውም ድምፅ በአንድ በኩል ይደክማል፤ ምንጩ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ይህ ግን በየትም በኩል አልደከመም።

ለእርሻው መሐንዲስ፣ ለኢንጂነር ጉልላት ነገርኳቸው።

«የሰማይ ይሆናል» አሉኝ። «የጋላክሲ መንጋዎች፣ እልፍ አእላፍ ከዋክብት ያሉባቸው፣ ሲላተሙ በመሃላቸው ያለው ባዶ ሁሉ እንዲህ ይጮሃል ይላሉ። ሩቅ ያለ ሰው በአንድ በኩል ይሰማዋል። ውስጡ ላለ ሰው ግን አቅጣጫ የሚባል ነገር የለም።»

«ታዲያ እኛ የምንሰማው በየት በኩል ነው?»

አንቴናውን ራሳቸው አንድ ዙር አዞሩት።

በማግስቱ ጠዋት የባለሱቁ የናስር ሚስት ሀምዳ ምጥ ጠናባት። ናስር አዋላጅ ፍለጋ ጀልባ ይዞ፣ በተቃራኒው በኩል ያለችውን አፋምቦን ከጀርባው አድርጎ፣ ወደ ሎጊያ ቀዘፈ። እኔም አንቴናውን እያዞርኩ ሎጊያን ብጠራ ሹሹታው ብቻ መለሰልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጀልባ በተቃራኒው፣ ከአፋምቦ በኩል ብቅ አለ።

«የሎጊያ ሰዎች፣ ድረሱልኝ! ሚስቴ ምጥ ላይ ናት!» ይላል ቀዛፊው።

ናስር ነበር። ሲያውቀኝ መቅዘፉን ተወ።

«ወላሂ» አለኝ፣ «አንዴም አልዞርኩም።»