ከሁለተኛው ምሰሶ ወዲያ

«ቀኙንም አምጣ፣ ሙህዲን።»

«አንዱን ነው የምሰጠው፣ እትዬ የሺ። ሕጌን ያውቁታል።»

ሕጉን መቼም አቃቂ በሰቃ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሙህዲን ሰልባጅ ጫማ ሲደረድር የሚያወጣው ግራ ግራውን ብቻ ነው፤ ቀኝ ቀኙ ከኋላው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ እግር የሚገናኙት ሒሳብ ሲከፈል ነው። አምና አንድ ጎረምሳ «ልሞክረው» ብሎ ሁለቱንም አድርጎ ሄደ፤ እስካሁን እየሞከረው ነው።

እኔ ግን በአንድ እግር ምኑን ልሞክር? የሚያመኝ ደግሞ ቀኙ ነው።

ከጠዋቱ ፈረቃ እንደወጣሁ፣ ፀጉሬ ላይ የሰፈረውን የጥጥ ብናኝ እንኳ ሳላራግፍ ነው የመጣሁት። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ሰው ሳቀም አልሳቀም፣ በሳምንት አራት ቀን ከዚሁ ከሙህዲን መደብ ተነስቼ በአሮጌው ሐዲድ ዳር እሮጣለሁ። ከሩጫ ስመለስ ልጅ ሆኜ ነው የምመለሰው። ታዲያ ልክ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ ስደርስ ቀኝ ጉልበቴን ይወጋኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትናንት እብጠቱን ዳብሳ፣ «ወይ ደህና ጫማ ያድርጉ፣ ወይ ሩጫውን እርግፍ አድርገው ይተዉ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ «ይተዉ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ሲጮህ አደረ።

አደሴ ከጎኔ ቆማ፣ ከጫማው አጠገብ ከተዘረጋው ልባሽ ዕቃ እያነሳች ትከምርብኛለች። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ ሩጫ ያስጀመረችኝም እሷ ናት።

«ይሄ ኮፍያ የግድ ነው። መነጽሩም። ይሄ ደግሞ ወገብ ላይ ታስሮ ውሃ የሚያዝበት ነው፣ ቲክቶክ ላይ ሁሉም አስረውት ነው የሚሮጡት።»

«እኔ ሐዲዱ ዳር ነው የምሮጠው፣ አደሴ። ናዝሬት አልሄድም።»

እየሳቀች ትመልሰዋለች። ካልሲውን ግን አስቀራለሁ፤ ወፈር ያለ፣ ላብ የሚመጥ ነው። ጠበቅ ያለውን የሩጫ ጡት መያዣ ደግሞ፣ እንዳላፍር ብላ፣ ሙህዲን ዞር ሲልላት ከካልሲው ሥር ትሸጉጥልኛለች። በዚህስ ልክ ናት። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ቅድም መጀመሪያ ያነሳሁት ሰማያዊውን ጫማ ነበር። ልክክ አለብኝ። ደስ ብሎኝ ብድግ ስል ሙህዲን ጎንበስ አለና ጫፉን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ጣትዎ ነክቷል እኮ።»

«እግር ካልያዘ ምኑን ጫማ ሆነ?»

«ለፋብሪካ ሲሆን ነው፣ እትዬ የሺ። ሲሮጡ እግር ይሰፋል። ይሄ ጥፍርዎን ነው የሚነቅልልዎ።»

ክው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስመርጥ የኖርኩት እግሬን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘውን ነው። ዘይት በጠጣ ወለል ላይ፣ በማሽን መሃል፣ ሰፊ ጫማ የሚያደርግ ሞኝ የለም። ለካ የምሮጥበትንም ሸራ ጫማ በዚያው ልማዴ ጠባብ ገዝቼ፣ ገመዱንም አጥብቄ እያሰርኩ ኖሯል! አደሴም የገዛ እግሯን ቁልቁል አየች።

አሁን ግራ እግሬ ላይ ያለው ግራጫው ነው። አንድ ቁጥር ይበልጣል፣ ሶሉ ወፍራም ነው፣ ስረግጠው ለስለስ ይላል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የዋለው እግሬ ውስጡ ገብቶ ተንፍሷል። ሰልባጅ ነውና እንደሱ ያለ ሌላ የለም። ጉልበቴ ግን ምን ይላል?

«ሁለቱንም ስጠኝና እስከ ሁለተኛው ምሰሶ ሮጬ ልመለስ» እለዋለሁ። «እዚያ ከወጋኝ በቃ፣ ጫማውም ሩጫውም ቀረ።»

ጭንቅላቱን ያካል። «እርስዎን አምኜ ብሰጥ ሌላው ምን ይለኛል?»

ባጄን ከአንገቴ አወልቃለሁ። ያለሱ ነገ የፋብሪካው ጥበቃ በሩን እንደማያሳልፈኝ ያውቃል። «ይሄን ያዝ። ሸራዬንም ያዝ። አደሴንም ያዛት።»

«እኔ ምን አገባኝ!» ትላለች አደሴ፣ በርጩማው ላይ እየተደላደለች።

ሙህዲን ባጁ ላይ ያለውን ፎቶዬን ያያል፤ እኔን ያያል። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቶ ቀኙን ያወጣል።

«ሁለተኛው ምሰሶ ድረስ ብቻ!»

ገመዱን ላላ አድርጌ አስሬ እነሳለሁ። የመጀመሪያውን ምሰሶ አልፋለሁ። አንድ ባለ ባጃጅ «አይዞሽ እናቴ!» ብሎኝ ያልፋል። ዓይኔን ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ተክዬ፣ አሁን ወጋኝ፣ አሁን ወጋኝ እያልኩ እደርሳለሁ። በእጄ መታ አደርገዋለሁ።

ምንም የለም።

ምናልባት ዘግይቶ እንደሆነ ጥቂት እርምጃ ልጨምር። ምንም። ትንሽ ደግሞ ልጨምር። ጣቶቼ ጫማው ውስጥ እንደልባቸው ይዘረጋሉ። ከደስታዬ የተነሳ መንገድ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«እትዬ የሺ! ኧረ እትዬ የሺ!»

ዞር እላለሁ። ሙህዲን ከሩቅ መንገዱ መሃል ቆሟል፤ በአንድ እጁ ባጄን፣ በሌላው ሸራዎቼን ወደ ላይ ይዞ ያውለበልባል። በእሱና በእኔ መካከል ያሉትን ምሰሶዎች እቆጥራለሁ። አምስት ናቸው።

«ባጁን ያዝልኝ!» ብዬ እጮሃለሁ። «ሸራውን ጣለው!»

ከዚያ ወደ ስድስተኛው እዞራለሁ።