የወይዘሮ ዘርፉ አረንጓዴ ድንጋይ

የአዳማው ወርቅ ሠሪ ኑሬ ቀለበቱን ከሉሊት ጣት በሳሙና አወለቀና አረንጓዴውን ድንጋይ ከማቀፊያው አውጥቶ ጋዜጣ ላይ አስቀመጠው። ድንጋዩን የቆረጡት የወደፊት አማቷ የወይዘሮ ዘርፉ ሟች ባለቤት ናቸው። ከሠርጉ በፊት ይታይልን ያለችው ግን ራሷ ሉሊት ናት። ወርቅ ሠሪው አቆራረጡ መጥፎ ነው ቢል ቀለበቱ ለእድሳት እሱ ዘንድ ይቀራል፤ ጣቷ ባዶ ከሆነ ደግሞ ልጅዎን አላገባም ለማለት አፏ የሚከፈት መስሏታል።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላቸው ኑሬ ከሉሊት አጠገብ ለቆሙት ለወይዘሮ ዘርፉ። "ከሥር በጣም ሳስቷል። ብርሃኑ አይመለስም፣ ያልፋል። ይኸው፣ የጋዜጣው ጽሑፍ በመሃሉ ይነበባል። ይተዉልኝና ላስተካክለው።"

ሉሊት ባዶ ጣቷን አሸት አሸት አደረገች። ወይዘሮ ዘርፉ ግን ፈገግ አሉ።

"ያኔም ወርቅ ሠሪዎቹ ባለቤቴን እንደዚሁ ብለውት ነበር። እሱ ግን ሆን ብዬ ነው ያሳሳሁት፣ የሚስቴ ጣት ከሥሩ እንዲታየኝ ብዬ ነው አላቸው። እንዳለ መልሰው፣ ልጄ።"

ኑሬ ድንጋዩን መልሶ በጉጠት አጠበቀው። ወይዘሮ ዘርፉ ቀለበቱን ተቀብለው በገዛ እጃቸው አጠለቁላት።

"ልጄም ያንቺን ጣት እንዲሁ ይየው" አሏት።

ሉሊት አቀርቅራ አየች። እስከዛሬ ልብ አላለችውም እንጂ፣ ጣቷ ከአረንጓዴው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።